31 በመቶ ላይ የቆመ ሌክቸር

መጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ሲዘጉ ሻንጣዬን ይዤ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመተማን የመጋቢት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ አይታሰብም። አንድ መምህራችን ትምህርቱ እንዳይቀርብን ብሎ የኢኮኖሚክስ መግቢያን ሌክቸር በቪዲዮ ቀርፆ ቴሌግራም ላይ ለቀቀልን። ይባረክ። ግን አንዱ ቪዲዮ ብቻ ከ200 ሜጋባይት በላይ ነበር። ሌሊት ኔትወርክ ሲሻሻል ማውረድ እጀምራለሁ፣ ጠዋት ስነሳ 31 በመቶ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴን ብር ስጠይቃት «የትናንቱ ካርድ የት ገባ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በመጨረሻ ጎንደር የቀረ ጓደኛዬ ቪዲዮዎቹን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኖ በአይሱዙ ሹፌር ላከልኝ። ያቺን ሚሞሪ ለሰባት ተቀባበልናት።

አሁን ነገሩ በይፋ መጥቷል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የጀመረው ኢ-ሺ (ሲጠሩት እንደኛው «እሺ» ነው) 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ይዟል፤ መምህራን ኦንላይን ማስተማርን ይሠለጥኑበታል። ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ነው።

እሰየው ነው። ግን ያው በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ኮርሱን ሁሌም ኔትወርክ አለ ብሎ ያዘጋጀ መምህር እንደኔ ያለውን ተማሪ ከክፍል አስወጥቶታል ማለት ነው፣ ሳያውቀው።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ ሒሳቡን ሠራሁት። የ50 ደቂቃ ሌክቸር ድምፁ ብቻ በሴኮንድ በ32 ኪሎቢት ሲቀረጽ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስላይዱን በፒዲኤፍ ጨምሩበት፣ ሁለት ሦስት ሜጋ። በአንድ ቪዲዮ ዳታ ከአሥር በላይ ሌክቸር ይወርዳል! የመምህሩን ፊት ማየት ይቀርብናል እንጂ ሌላ የሚጎድል ብዙ ነገር የለም።

ሙድል የሚጠቀም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አዲስ ነገር መግዛት እንኳ አይጠበቅበትም። የሙድል የስልክ አፕ፣ ዩኒቨርሲቲው ካልዘጋው በቀር፣ ኮርሱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኩዊዝም ቀድሞ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ተሠርቶ በኋላ ይላካል። ለዚህ ግን መምህሩ ኩዊዙን ሲያዘጋጅ አንድ ሴቲንግ ማብራት አለበት፤ የሰዓት ገደብ ካስቀመጠበትም አይሠራም። የብዙ መምህራን ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰዓት ካልገደቡ ተማሪው ይኮርጃል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የሚያስኮርጅ ጥያቄ ግን በሰዓትም ይኮረጃል።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ናት። ትናንት ደውላ «ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ኦንላይን ኩዊዝ አለን፣ እኔ ደግሞ ለእረፍት መተማ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። መምህርሽን አናግሪው አልኳት።

«ምን ብዬ?»

እኔ ጎንደር ስለሆንኩ ኔትወርኩ ደህና ነው። የሙድሉን ሴቲንግ ስክሪንሾት አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። እስካሁን አንድ ራይት ላይ ነው።