ፓስታ በጾም ማዕድ

የቤት እመቤት ማለዳ ተነሥታ ከምታስበው ነገር አንዱ «ዛሬ ቤተ ሰቡ ምን ይበላል?» የሚለው ነው። ይልቁንም የጤፍ ዋጋ ሲወደድ፥ ጾሙም ሲረዝም፥ ልጆችም ተርበው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አሳቡ ይከብዳታል። በነፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፥ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉት ቤቶች ለዚህ አሳብ ብዙ ጊዜ መልስ የሚሆነው ፓስታ ነው። ነገር ግን ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብ አንድ ስላልሆኑ፥ አሠራሩን ማስተዋል ይገባል።

ፓስታ በአገራችን በሰፊው የተለመደው ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከወረረችበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ ጀምሮ ነው። ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ምግቡ ቀረ፤ የአገራችን ሴቶችም በባልትናቸው የራሳቸው አደረጉት። «ነፋስ ስልክ» የሚለው የሰፈሩ ስም፥ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን የባዕድ መሣሪያ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንደ ሰየመው ያስታውሳል፤ ፓስታም እንደዚሁ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ጣዕሙ ተለውጦ ከእንጀራ ጋር እስከ መበላት ደረሰ።

ደረቁ ፓስታ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴና ከውኃ ነው። ይህ ስንዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ልዩ ልዩ የዱረም ዝርያዎች ከሚገኙባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፥ የባሌም ገበሬዎች ያመርቱታል። ስለዚህ ለጾም የተስማማ ነው፤ ሆኖም እንቁላል የሚገባበት ዓይነትም ስላለ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ መልካም ነው።

በ100 ግራም ደረቅ ፓስታ ውስጥ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል፤ ነገር ግን በስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን የተባለው ክፍል ያንሳል። ምስርና ሽምብራ ይህን ጉድለት ይሞላሉ። በምስር ውስጥ ያለውንም ብረት ሰውነት በሚገባ እንዲቀበለው ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ ይረዳሉ። እንግዲህ በረጅሙ ጾም፥ ይልቁንም በማደግ ላይ ላሉ ልጆች፥ በዘይትና በቲማቲም ብቻ የተለወሰ ፓስታ አይበቃም።

ለስድስት ሰው 500 ግራም ፓስታና አንድ የሻይ ብርጭቆ ድፍን ምስር ይበቃል። ምስሩ አስቀድሞ ይቀቀል። ሦስት ራስ ሽንኩርት በሦስት ማንኪያ ዘይት ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፥ ስድስት ቲማቲምና የተከተፈ ካሮት ይጨመርበት፤ ስልሱ ሲወፍር ምስሩ ይግባበት። ፓስታው በብዙ የፈላ ውኃ ለብቻው ይቀቀል። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በማሸጊያው ከተጻፈው ደቂቃ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ እንዳይላቁጥ እየቀመሱ ማውጣት ነው።

የእንጀራ ሊጥ እስኪቦካ ቀናት ይፈጃል፤ ይህ ምግብ ግን ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ስለሚደርስ፥ ድንገት የመጣ ወዳጅ ወይም ጎረቤት ሳይበላ አይሄድም። በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ አቅርባችሁ፥ ቃሪያውንና ሰላጣውን በጎኑ አድርጋችሁ፥ ልጆችም እንግዶችም ባንድነት ይቅረቡ። በሚመጣው ረቡዕ ወይም ዓርብ ምስሩን ሳትረሱ ብትሠሩት፥ ወጪው ሳይበዛ ቤተ ሰቡ በሚገባ ተመግቦ ይነሣል።