ጨው ለበላው መሬት ሳር ይቅደም

ከመቂ እስከ ባቱ በመስኖ የሚለማው ማሳ አብዛኛው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ሁለቱም ጨው አይችሉም። የአፈር ጨዋማነት የሚለካው በዴሲሲመንስ በሜትር ነው፤ በዚህ መለኪያ ሽንኩርት 1.2 ላይ፣ ቲማቲም 2.5 ላይ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ገበሬው ከማሳው እየነቀለ የሚጥለው ሰርዶ ግን እስከ 6.9 ድረስ ይቋቋማል። ጨው የበላውን መሬት ጥሎ ከመሄድ በፊት ሳርን ማሰብ የሚገባው ለዚህ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ጨው ከየት መጣ? የአብያታና የሻላ ሐይቆች መውጫ የላቸውም፤ ውሃቸው ሲተን ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። መተሐራ ላይ ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ የግጦሽ መሬት ውጧል። ብዙ ማሳ ያበላሸው ግን መስኖ ራሱ ነው። ማፋሰሻ ቦይ በሌለበት ሲጠጣ የኖረ መሬት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይቀርባል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ጨውን ትተዋለች። በመካከለኛው አዋሽ አሚባራ ላይ የጥጥ ማሳዎች ከምርት የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአብያታን ዳር ቀርቦ ያየ ሰው ሌላ ምንም በማይበቅልበት ነጭ አፈር ላይ እየተሳበ የሚሄድ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ሳር ያገኛል። ባለሙያዎች ስፖሮቦለስ ይሉታል። በሥሩ የሳበውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች መልሶ ያስወጣዋል፤ ቅጠሉን በጣት ሲጠርጉት ነጭ ዱቄት ይቀራል። ሰርዶና ሮድስ የሚባለው የመኖ ሳርም የዚሁ ወገን ናቸው። በሌላው ዓለም የባሕር ዳርቻው ፓስፓለም ጨዋማ ውሃ እየጠጣ የጎልፍ ሜዳ ያለብሳል፤ ለእኛ ግን የሚያስፈልገው የከብት መኖ ነው። በአፋር የሚገኘው ወረር የግብርና ምርምር ማዕከል በአሚባራ ጨዋማ አፈር ላይ ሮድስንና ሌሎች የመኖ ሳሮችን ሞክሯል።

ሮድስ የሚያስቸግረው መጀመሪያው ላይ ነው። ያደገው ሳር የሚችለውን ጨው ቡቃያው አይችለውም። ስለዚህ ከዘር በፊት ማሳውን በብዛት አጠጥቶ ጨዉን ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። ዘሩ ቀላልና ጸጉራም ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይዘራል፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አይወጣም። በቦይ የሚያጠጣ ሰው በመደቡ አናት ላይ አይዝራ፤ ጨው የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ጎኑ ይሻላል። ጨው በበዛበት ቦታ ደህና አፈር ላይ ያደገ ሳር ነቅሎ የሥሩን ክፋይ መትከል ከዘር የተሻለ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ጨዉን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ቀናት እየለዩ አርክቶ ማጠጣት ይበልጣል። አጨዳው አበባ ማውጣት ሲጀምር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉቶ አስቀርቶ ነው። ካረጀ ከብቱ የሚያገኘው ገለባ ነው።

አፈሩ ውሃ አላሰርግ ብሎ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ ችግሩ ሶዲየም ነው፤ ለዚህ ጀሶ ተጨምሮበት በውሃ መታጠብ አለበት።

ሳሩ ጨዉን ከመሬት መጥጦ ይጨርሰዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ታጭዶ የሚወጣው ጨው ጥቂት ነው። ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፦ ሥሩ የጠነከረውን አፈር ይከፍታል፣ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ ትነትን ይቀንሳል፣ ውሃም ጨዉን ይዞ ወደ ታች መውረጃ ያገኛል። የፓኪስታን ፑንጃብ ገበሬዎች ካላር የሚባለውን ሳር በሶዲየም የተጎዳ መሬት ላይ የሚያስቀድሙት ለዚሁ ነው። ማፋሰሻ ከሌለ ግን ጨዉ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህን ሳይሠሩ ሳር ብቻ መዝራት ጊዜ መግዛት ነው።

ገበያው ሩቅ አይደለም። አዳማ ዙሪያ ያሉ የከብት ማድለቢያዎችና ወተት አምራቾች ድርቆሽ ይፈልጋሉ። እባካችሁ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት አፈራችሁንም የመስኖ ውሃችሁንም አስመርምሩ፤ የአፈር ምርምር ማዕከል እዚያው ባቱ አለ።