የቆዩ የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራሞች በድንገት የሚቋረጡበት ምክንያትና መፍትሔው

በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሌሎቹም የሀብሩ ወረዳ ገበያዎች የሠርግ ዘፈንና የንግድ ማስታወቂያ ከሚቀርጹት ሱቆች መካከል እስከ ዛሬ በቆየ ኮምፒውተርና በቆየ ፕሮግራም የሚሠሩት ጥቂቶች አይደሉም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት የብዙ ነጋዴ ንብረት ጠፍቷል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ተወድዷል። ስለሆነም ባለሱቁ በእጁ ያለውን መሣሪያ ጠብቆ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

ይሁን እንጂ ቀረጻ በመካከል ሲቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ ብቻ የሚተመን አይደለም። ሠርግ ለቀረጻ ሲባል ዳግመኛ አይደገስም። የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት አሳምሮ የሚጫወት አንድ አረጋዊ መሰንቆ መቺም ለከርሞ መገኘቱ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ይወቅሳል፤ አጥፍቶም እንደገና ይጭነዋል። ነገር ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ስፍራ ነው፤ ደግሞም የተቋረጠ ቀረጻ ሁሉ የጠፋ ቀረጻ አይደለም። መንስኤው ከዚህ በታች በተመለከተው ተራ ቢመረመር በቀላሉ ይገኛል።

1ኛ/ የፋይሉ መጠን። በሲዲ ጥራት፣ ይኸውም በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢትና በስቴሪዮ የሚቀረጽ ድምፅ በየደቂቃው 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ከቆዩት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ አንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ሲሞላ መቀጠል አይችሉም፤ ይህም ከ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጥቂት አልፎ የሚደርስ ነው። ጥራቱ ወደ 48,000 ናሙናና ወደ 24 ቢት ከፍ ቢደረግ ግን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃዋል። እንደዚሁም ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ባዶ ቦታ እያለው እንኳ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ረዥም ድግስ የሚቀርጽ ሰው በየአንድ ሰዓቱ፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል፣ ቀረጻውን ዘግቶ አዲስ ፋይል ቢከፍት ከዚህ ችግር ይድናል።

2ኛ/ የማስታወሻ ቦታ። በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ለአንድ ፕሮግራም እንደ ተለመደው የሚሰጠው የማስታወሻ ቦታ ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። ስለሆነም ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ራም በራም ላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይልቅስ በቀረጻ ጊዜ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ መዝጋት ይጠቅማል።

3ኛ/ ተቀጥላ ፕሮግራሞች። ድምፅ ለማሳመር ተብለው የሚጨመሩት ፕላግኢኖች ከዋናው ፕሮግራም ጋር በአንድነት ስለሚሠሩ፣ ከእነርሱ አንዱ ሲበላሽ ዋናውንም ይዞት ይወድቃል። ለመመርመርም ሁሉንም ወደ ሌላ ፎልደር ማውጣት፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር ነው። መቋረጡን መልሶ ያመጣው እርሱ ጥፋተኛው ነው።

4ኛ/ የድምፅ ካርዱ ድራይቨር። ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተሠራ ድራይቨር በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቁሟል። ድራይቨሩ ደህና ሆኖ ድምፁ ግን የሚቆራረጥ ከሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የበፈር ልክ ወደ 512 ወይም ወደ 1,024 ከፍ ማድረግ ይገባል።

5ኛ/ መብራት፣ ሙቀትና አቧራ። የመብራት መቋረጥ ባለበት አገር ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ሠርግ ቤት መሄድ አደጋ ነው። ከወልድያ ይልቅ ቆላ በሆነችው በመርሳ ደግሞ አቧራ የሞላበት ማቀዝቀዣ ኮምፒውተሩን አግሎ በራሱ እንዲጠፋ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ቀረጻው ቢቋረጥስ? ከሁሉ አስቀድሞ በዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ቀረጻ አለመጀመር ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት ያልተቀመጠውን ሥራ ልመልስ ብሎ ቢጠይቅ እሺ ማለት ይገባል። ጊዜያዊ ፋይሎቹንም ሳይሰርዙ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። በድንገት የተቋረጠ የዌቭ ፋይል ርዝመቱ ዜሮ መስሎ ቢታይም ድምፁ በውስጡ ሊኖር ይችላል። ይህም ዕቃው መጋዘን ገብቶ ሳለ የጭነቱ ሰነድ ሳይጻፍ እንደ ቀረ ያለ ነገር ነው። በነጻ የሚታደለው ኦዳሲቲ እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ጥሬ ድምፅ አድርጎ ያስገባል፤ ባለሙያው የናሙናውን ቍጥር፣ ቢቱንና ስቴሪዮ መሆኑን ቀድሞ በተቀረጸበት ልክ መንገር ብቻ ይጠበቅበታል። ቍጥሩ ቢሳሳት ድምፁ ይፈጥናል፣ ይጐትታል ወይም ይንጫጫል፤ ሥራው በግልባጩ ላይ እስከ ሆነ ድረስ ግን ዋናው አይጐዳም።

ኦዳሲቲን በሚመለከት ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከወጣው ከ3.0 በፊት በነበሩት ዕትሞች፣ የፕሮጀክቱ ፋይል ዝርዝር ብቻ የያዘ ሲሆን ድምፁ የሚገኘው በአጠገቡ ባለው ፎልደር ነው። ትንሹን ፋይል ብቻ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ፎልደሩን የሚሰርዝ ሰው ሰነዱን ይዞ ዕቃውን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ከዚህ በላይ የተባለው ለቀራጮቹ ብቻ ሳይሆን ለአስመጪዎችና ለዕቃ ሻጮችም ይጠቅማል። ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥ ነጋዴ ደህና ዩፒኤስ፣ አዲስ የላፕቶፕ ባትሪና ትርፍ ዲስክ አብሮ ቢያቀርብ፣ የድምፅ ካርድ የሚያስመጣም ድራይቨሩ ለየትኛው ዊንዶውስ እንደ ተሠራ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ገዢው ከኪሳራ ይድናል፤ ሻጩም ደንበኛውን ያጸናል። ቀራጩም ቢሆን ሥራውን ለደንበኛው ከማስረከቡ በፊት በ2 ልዩ ልዩ ዲስኮች ላይ ማስቀመጥን ልማድ ያድርግ፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ለማንም አልበጀምና።