የመርከብ ካዴት ቀን እንዴት ይውላል?

ከወሎ ሰፈር እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ ያለው መንገድ አጭር ነው። የኢትዮጵያ የመርከብ ካዴቶች ወደ ባሕር የሚወጡትም በዚሁ በር ነው። የሚሳፈሩባት መርከብ ሲንጋፖር ወይም ሮተርዳም ልትቆም ስለምትችል፣ የባሕር ጉዟቸው የሚጀምረው በአውሮፕላን ነው። ካዴት ማለት በመርከብ ላይ እየሠራ የሚማር ዕጩ መኮንን ነው። ብዙዎቹ በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቀው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው።

ዲግሪ ይዘው ለምን እንደገና ተማሪ ይሆናሉ? እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የባሕርተኞች ሥልጠናና ብቃት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስገድዳቸዋል። በታወቀ መርሐ ግብር የሚሠለጥን የሞተር ክፍል ዕጩ መኮንን የወርክሾፕና የባሕር ልምምዱ ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር መሙላት አለበት። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በመኮንን ቁጥጥር ሥር የሞተር ክፍል ፈረቃ መግባት ይኖርበታል። የሠራው ሁሉ በሥልጠና መዝገቡ ይሰፍራል፤ ኃላፊው ሳይፈርምበት አይቆጠርለትም።

ቀኑን የሚያዋቅረው ፈረቃው ነው። በቆየው ልማድ 24ቱ ሰዓት ለሦስት መኮንኖች ይደለደላል፤ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ከፈረቃ ውጭ ይሆናል። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት የገባ ካዴት ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይመለሳል። በብዙ ዘመናዊ መርከቦች ግን ሌሊት ሞተር ክፍሉ ያለ ሰው ይሠራል። ተረኛው መሐንዲስ ተኝቶ ደወል ይጠብቃል፤ ደወሉ ሲጮኽ ካዴቱም አብሮት ይነሣል። ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል።

ፈረቃ የሚረከብ ሰው የጆሮ መከላከያውን አድርጎ መጀመሪያ ዙሪያውን ይቃኛል። ግፊትና ሙቀት ያነባል፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ ያልተለመደ ሽታ ወይም ንዝረት እንዳለ ያጣራል፤ ያነበበውንም መዝገብ ላይ ይጽፋል። ለጀማሪ ይህ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከትናንቱና ከትናንት ወዲያው ጋር ሲተያይ ነው ትርጉም የሚያገኘው።

የመጠጥ ውኃን እንውሰድ። መርከብ ንጹሕ ውኃ የምታገኘው በአብዛኛው የባሕር ውኃ አትንና ነው። ለማትነኛው ሙቀት የሚሰጠው የዋናው ሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ነው፤ ይህ ውኃ ግን 80 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በተለመደው የአየር ግፊት ሌላ ውኃ ሊያፈላ አይችልም። አዲስ አበባ ያደገ ካዴት መፍትሔው አይከብደውም፦ በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በከተማችን ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መርከቧም ከማትነኛው ጋን አብዛኛውን አየር መጥጣ ታወጣለች፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ የባሕሩ ውኃ ከ60 ዲግሪ በታች ይፈላል። እንፋሎቱ በቀዝቃዛ የባሕር ውኃ ሲቀዘቅዝ ጨው አልባ ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል። አንድ ቀን የውኃው መጠን ቢቀንስ ካዴቱ መዝገቡን ይገልጣል። የሞተሩ ሙቀት አልተለወጠም፤ በጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የሚፈልገው አየር የሚያስገባ ያረጀ ጋስኬት ነው። የምሕንድስና ዳኝነት የሚገነባው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

የባሕር ሳይንስ በሸራ መርከብ የሚያስተምሩ ተቋማትም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በአሜሪካ ዉድስ ሆል ያለው የባሕር ትምህርት ማኅበር «ኮርዊዝ ክሬመር» በምትባል የሸራ መርከብ ተማሪዎቹን በሦስት ፈረቃ ይከፍላል። ሸራ ይስባሉ፣ ወጥ ቤት ያግዛሉ፣ ከባሕሩ ናሙና ይወስዳሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይመዘግባሉ።

ልዩነቱ የቦታ ነው። የሥልጠና መርከብ ለተማሪ ትዘጋጃለች፤ የጭነት መርከብ ግን የምትይዘው ከሃያ ብዙ የማይዘልል ሠራተኛ ነው። የነፍስ አድን ጀልባ መቀመጫ ያልተያዘለት ሰው ስለማይሳፈር፣ ለካዴት የሚተርፈው አልጋ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ የራሷ የሥልጠና መርከብ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተረከበቻትና «ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመቻት መርከብ የባሕር ኃይሉን ካዴቶች ታሠለጥን ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሄደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እንግዲህ የመኮንኖቻችንን ቁጥር የሚወስነው የመማሪያ ክፍል ብዛት አይደለም። መዝገቡ የሚፈረመው በመርከብ ላይ ነው፤ ተማሪ ለመጨመር የሚያቅድ ሁሉ አስቀድሞ ከመርከብ ባለቤቶች ጋር የካዴት አልጋ መዋዋል አለበት።