ቅርስ በተገኘበት ቦታ የሚሰጠው መረጃ

በኮምቦልቻ አቅራቢያ በገታ የሚገኘው ከድንጋይ የተቀረጸ የአንበሳ ሐውልት፣ በአካባቢው በጥንት ዘመን ድንጋይ በመቅረጽ የተካኑ ሰዎች እንደነበሩ ይመሰክራል። ከመሬት በታች የሚገኝ የሸክላ ስባሪ ስለ ምግብ አዘገጃጀት፣ የእንስሳት አጥንት ስለ ከብት እርባታ፣ ከሰል ደግሞ ስለ ዘመኑ መረጃ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ዕቃው ከነበረበት አፈር ከተነሣ በኋላ ዕድሜውንና አገልግሎቱን ማወቅ ያዳግታል።

ስለሆነም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቤት መሠረት ወይም መንገድ ሲቆፈር ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን የማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ለዚሁ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል።