ጥንታዊ ሐረግ፣ አዲስ ፍሬ

እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ሮም ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በ64 ከተማዋ ከተቃጠለች በኋላ ያሠራው «ወርቃማው ቤት» ከመሬት በታች ተቀብሮ ተገኘ። አዳራሾቹ በአፈር ተሞልተው ስለነበር ሠዓሊዎች በቀዳዳ ሾልከው እየገቡ በችቦ ብርሃን ጣሪያውን ከቅርብ አዩት፤ አንዳንዶቹም ስማቸውን እዚያው ጽፈው ወጡ። ያገኙት ቀጫጭን ሐረግ፣ ከቅጠል መሀል ብቅ የሚል ግማሽ ሰው፣ ክንፍ ያለው አውሬ ነበር። ይህ ሥዕል ብዙም ሳይቆይ በጳጳሳትና በባለጸጎች ቤት ግድግዳ ላይ ስለታየ፣ የህዳሴ ዘመን ጌጥ የጥንቱ ግልባጭ ነው የሚሉ አሉ። ሥራዎቹ ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነው፤ ከጥንት የተወሰደው አደራደሩ ሲሆን የተደረደረው ነገር የዘመኑ ነው።

ከሠዓሊው ሩፋኤል ባልደረቦች አንዱ የነበረው ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ በ1510ዎቹ መጨረሻ ዛሬ ቪላ ፋርኔዚና በሚባለው ቤት ጣሪያ ላይ የሣላቸውን የፍራፍሬ ጉንጉኖች እንመልከት። ጉንጉኑ በሮማውያን መሠዊያና የድንጋይ ሣጥን መቃብር ላይ የተለመደ ጌጥ ነው። ከፍሬዎቹ መካከል ግን በቆሎ አለ። በቆሎ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስም እዚያ ከደረሰ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላም ነበር። የጥንት ሮማዊ ሠዓሊ ይህን ፍሬ በዓይኑ ሊያይ አይችልም።

ጆቫኒ የጥንቱን ነጭ ልስን ለመመለስ ኖራን ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር እያዋሐደ መድከሙ መቅዳት ፈልጎ አይደለም ወይ ሊባል ይችላል። ሙያውን መልሶ ማግኘት ፈልጓል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በ1519 ባለቀው የቫቲካን ሎጅያ (ጎኑ ክፍት የሆነ መተላለፊያ) በዚያው ልስን ከተቀረጹት ምስሎች አንዱ የሚያሳየው የሩፋኤልን ሠራተኞች በሥራ ላይ እንዳሉ ነው። በእንዲህ ያለው የምናብ ጌጥ ላይ ጠንከር ያለው ተቃውሞ የጥንቱ የሥነ ሕንፃ ሊቅ የቪትሩቪየስ ነው፤ ሸምበቆ ጣሪያ አይሸከምም፣ የሌለና ሊኖር የማይችል ነገር መሣል የለበትም ይላል። ለግንበኛ ይህ ትክክል ነው። ጌጥ ግን ሸክም የለበትም፤ የሚጠበቅበት ሚዛን ነው። በሎጅያው ዓምዶች ላይ ቅጠሉና ወፉ ከተፈጥሮ ታይቶ በጥንቃቄ ተሥሏል፤ ግራው ከቀኙ ይመዛዘናል፤ ምናብ የገባው ክፍሎቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ብቻ ነው። እነዚህ ሠዓሊዎች ጥንቱን ያከበሩት ሥርዓቱን እስከ መሠረቱ አጥንተው፣ አባቶቻቸው ያላዩትን ፍሬ በድፍረት ስለጨመሩበት ነው፤ ቅርስን የሚያኖረውም ይኸው ድፍረት ነው።