የጭነት ትራንስፖርትን አዝማሚያ ከመስመራዊ ግራፍ መግለጽ፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እንደ ማሳያ

የጭነት መጠንን የሚያሳይ መስመራዊ ግራፍ ሲገለጽ፣ መስመሩ ወጣ ወይም ወረደ ከማለት አስቀድሞ የሁለቱ ዘንጎች መለኪያ ሊጤን ይገባል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

አግድሙ ዘንግ ዘመንን ያመለክታል። ባቡሩ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ስለሆነም በበጀት ዓመት በተሠራ ግራፍ የ2010 ነጥብ የሚይዘው የስድስት ወር ገደማ ጭነት ብቻ ነው። ወርኃዊው መጠን ምንም ሳይለወጥ ቢቀር እንኳ የ2011 ነጥብ እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን «ፈጣን ዕድገት» ብሎ መተርጎም የአገልግሎት ጊዜን መርዘም ከአቅም መጨመር ጋር ያምታታል፤ በዚያ ላይ የተመሠረተ የፉርጎ ግዥ ትንበያም ይሳሳታል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን አገልግሎቱ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ነጥብ ሙሉ ዓመት ይይዛል።

ቋሚው ዘንግ የጭነቱን መለኪያ ያሳያል። በከተማ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር የተጓዘ አንድ ቶን ሲሚንቶና ከወደብ 750 ኪሎ ሜትር የተጓዘ አንድ ቶን ማዳበሪያ በቶን ሲለኩ እኩል ናቸው፤ በቶን ኪሎ ሜትር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን 75 እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም የጭነት መኪናና የባቡር መስመሮች በቶን ብቻ ሲነጻጸሩ፣ ረጅም ርቀት የሚጓዘው ባቡር ድርሻ አንሶ ይታያል።

ስለዚህ የግራፉ ገለጻ አገልግሎቱ የተጀመረበትን ወር፣ የዘመን አቆጣጠሩንና የጭነቱን መለኪያ አስቀድሞ ሊያስታውቅ ይገባል።